በቃሬዛ የሄደችው ጽጌረዳ

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ሐያት እርጥብ ጆንያ በእጇ ይዛ ቤቴ መጣች። አጥሯን በግንብ ልታሠራ ነው። መሠረቱ የሚያልፈው ደግሞ እናቷ ከዓመታት በፊት ከተከለቻት ጽጌረዳ ላይ ነው። «እማ ዘሐራ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ አሉኝ። ዛሬውኑ ነቅለን ወደ ጓሮ እናዙራት» አለችኝ። ጆንያውን ከየት እንዳገኘችው አላውቅም፤ የዱሮው ዓይነት ነው፣ የቃጫው። ውሃ የጠጣ የቃጫ ጆንያ ደግሞ የራሱ ሽታ አለው፤ እህል እህል፣ አፈር አፈር፣ ትንሽም በረት በረት ይላል። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሐያት ደንግጣ ስኳር በውሃ በጥብጣ አመጣችልኝ። ጠጣሁና ማለት ያለብኝን ነገርኳት። «ልጄ፣ የቆየ ጽጌረዳ እንደ ችግኝ አይደለም፤ በዚህ በበጋ አይነካም። ክረምቱ እስኪገባ ታገሺ። ሐምሌ ላይ፣ ሰማዩ በከበደ ቀን፣ መጀመሪያ እስከ ጉልበትሽ ትከረክሚያታለሽ። አበባም እምቡጥም አትተዪ፤ ለአበባዋ ከሳሳሽ ሥሯን ታጫለሽ። ከዚያ ከግንዷ ክንድ ያህል ርቀሽ ዙሪያዋን ቆፍረሽ ሥሯን ከነአፈሩ ታወጫለሽ።» ሐያት ከንፈሯን ነከሰች። «ግንበኛው ቀን ቆርጦብኛል እኮ እማ።» «ታዲያ ይጠብቃ!» አልኳት። አፌ ሲናገር ቀላል ነበር። እኔን ግን ማንም አልጠበቀኝም።

ያኔ የምንኖረው እዚህ ሐይቅ ከተማ ውስጥ አልነበረም፤ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ትንሽ ከፍ ካለች ቦታ ላይ ነበር ቤታችን። ዘመኑን በቁጥር አልናገርም። ከዚያ ከክፉው የድርቅ ጊዜ በኋላ፣ ያ መንግሥት ከመውደቁ በፊት ነው። እንቁላል በአስር ሳንቲም የሚሸጥበት፣ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚሰፈርበት ጊዜ ነበር። ኮንጎ ጫማ ያለው ልጅ እግሩን እያሳየ ይሄዳል፤ ሸራ ጫማ ያለው ደግሞ አቧራ እንዳይነካው በሣሩ ጠርዝ ይሄዳል። ቴትሮን ሱሪ የለበሰ ጎረምሳ ቁጭ ሲል መስመሩ እንዳይበላሽበት ጉልበቱ ላይ ቆንጠጥ አድርጎ ከፍ ያደርገዋል። ልጄ ሰይድ አንድ ቡናማ ቴትሮን ነበረችው። ሐይቅ ለገበያ ስንወርድ ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ፊት ቆሞ የሌላውን ሱሪ አሰፋፍ ሲመረምር፣ እኔ ደግሞ መኪና ይገጨዋል ብዬ ክንዱን ይዤ እጎትተዋለሁ። ቁመቱ ከእኔ በልጦ ነበር እኮ! «እማ፣ ሰው ያያል» ይለኛል። «ይይ!» እለዋለሁ። የዛሬ ልጆች እናት በስልክ ብትደውልላቸው እንኳ ይበሳጫሉ፤ እሱ ግን ክንዱን አይነጥቀኝም ነበር።

ጽጌረዳዋን ያመጣት እሱ ነው። እዚሁ ሐይቅ ቤት ተከራይቶ ይማር በነበረ ጊዜ፣ ካንድ አስተማሪ አጥር ላይ ቅርንጫፍ ለምኖ፣ በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ጭቃ ሞልቶ ሰክቶ፣ በአውቶቡስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ አመጣት። ለወንበሩ ሽልንግ ከፍሎ ሳለ ረዳቱ ለጣሳዋም ክፈል ብሎት እንደነበር እየሳቀ ነገረኝ። በራችን አጠገብ፣ እሱ ከሚተኛበት መደብ ጀርባ ተከላት። እኔ የምፈራ ሰው ነኝ፤ ተክል ስተክል አንድ ቦታ አይረጋልኝም። ጤና አዳሙን ፀሐይ በዛበት ብዬ አነሳዋለሁ፣ አሪቲውን ዶሮ ጫረው ብዬ አዛውረዋለሁ። ሰይድ ይስቅብኛል። «እማ፣ አንቺ ቤት ተክል ሆኖ መፈጠር ስደት ነው» ይለኝ ነበር። ለጽጌረዳዋ ግን ፈቃድ አልሰጠኝም። ውሃ ሲያጠጣት አምባሰልን በአፍንጫው ያንጎራጉራል፤ ድምፁ መልካም አልነበረም፣ እኔ ግን ሥራዬን ትቼ እሰማዋለሁ። እሷም አደገች። ግንዷ እንደ እጄ አንጓ ወፈረ፤ ጫፏ የቆርቆሮውን ክፈፍ ነካ። ቀለሟ ቀይ ነው አይባል፣ ሮዝም አይደለ፤ የበሰለ የበለስ ሆድ የመሰለ ነበር።

ለብሔራዊ ውትድርና ሰው ሲመለመል የሰይድ ስም ወጣ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር እንድሪስ የባሌ የይማም የአክስት ልጅ ነው። ጠልቼው በቀለለኝ፤ ግን የእሱም ታናሽ ወንድም በዚያው ኦራል የወታደር መኪና ተጭኖ ሄደ። መኪናው ሥር ቆሜ በሶውን በጨርቅ ቋጥሬ ለሰይድ አቀበልኩት። እርጥብ ልብስ ለብሰህ እንዳትተኛ፣ የማታውቀውን ውሃ እንዳትጠጣ፣ ከመኪናው ጠርዝ ራቅ በል፣ እያልኩ ስቀባጥር ከላይ ያሉት ልጆች ሳቁ። እሱም ሳቀና ጎንበስ ብሎ፣ «እማ፣ እኔ እሄዳለሁ፤ ጽጌረዳዋን ግን ከቦታዋ እንዳታነሽብኝ። አውቅሻለሁ እኮ» አለኝ። «ወላሂ አላነሳትም» አልኩት። ሞተሩ ሲጮህ መስማቱን እንጃ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እግሩን ቆስሎ የተመለሰ የውጫሌ ልጅ፣ ደህና ነው፣ ወደ ሰሜን አለፈ፣ ብሎ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ምንም። ለልጄ ምንም ማድረግ የማልችል ሴት የዕቃ እጣቢዬንና የእጅ ውሃዬን እየያዝኩ በየማታው ወደዚያች ግንድ እሄድ ነበር። ለዚህ ነው በዚያ ድርቀት፣ ሌላው ሁሉ አመድ ሲመስል፣ እሷ ብቻ ያበበችው። በውሃዬ ነው ያጋለጥኳት።

አንድ ቀን ዋርካው ሥር ስብሰባ ተጠራን። ከሌላ አገር የመጣ፣ ካኪው የተተኮሰ ወጣት ካድሬ ነበረን። ከላይ ትልቅ እንግዳ ሊጎበኘን ነው አለ፤ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እስከ ድልድዩ መንገዱ በአበባ ይዋባል፤ በግቢው ያበበ ተክል ያለው ሁሉ ከነሥሩ፣ ከነአበባው አምጥቶ ይተክላል። ጎረቤቴ እቴ ሙሉ ከኋላ ተነሳች። ሙሉ ክርስቲያን ናት፣ የመስከረም ግሸንን አንድ ዓመት አታስታጉልም፤ አፏ ግን ልጓም የለውም። «እንግዳው ንብ ናቸው እንዴ?» አለች። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና፣ «ማን ናት እሷ?» ሲል ጠየቀ።

ማታውን እንድሪስ ቤታችን መጣ። ቁጭ በል ብንለው በሩ ላይ ቆመ።

«እትየ ዘሐራ፣ ያቺን ጽጌረዳ…»

«የሰይድ ናት።»

«አጣሁት? ካድሬው ከመንገድ ሆኖ አይቷታል። ‹የፊተኛዋ እሷ ትሁን› ብሎኛል።»

«አበባዋን ልቁረጥላችሁና እቅፍ ሙሉ ለእንግዳው በእጁ ይሰጠው። ያምር የለም?»

«እሱንማ ብዬው ነበር። ‹የተቆረጠ አበባ የአንድ ቀን ነው፤ አብዮታችን ሥር ያለው ነው› አለኝ።»

ይማም ሰው ፊት የማይናገር ሰው ነው። ያን ቀን ግን፣ «ሥር ያለው ሥር አይነቅልም» አለ።

እንድሪስ ወደ ውጭ ዘወር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያ ይማም፣ እኔም ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። አትወዝውዙኝ።»

ወላሂ ብዬ መማሌን ነገርኩት። እንድሪስ መሬት መሬት እያየ፣ «አላህ ያውቃል እትየ፤ አንቺ አይደለሽም የምታነሻት» አለኝ። ያለኝ ይኸው ነበር፤ ሌላ ምን ይበለኝ?

እኔው ራሴ ልቆፍር አልኩ፤ በሌላ ሰው ዶማ ከምትቆረጥ። እናቴ ያስተማረችኝ አንድ ነገር አለ። የቆየ ተክል ስታነሺ ቂብላን ያየውን ወገኑን በክር እሰሪ፤ በአዲሱም ቦታ ፊቱን ወደዚያው መልሺለት፤ ሰው እንኳ አገሩን ቢለውጥ ቂብላው አይለወጥበትም፣ ትለኝ ነበር። ከነጠላዬ ጫፍ ክር መዝዤ አሰርኩላት። ሙሉም አጥሯ ሥር ዳሊያ አበባዎቿን ስትነቅል በፀሐይ መውጫ በኩል ያለውን ስታስር አየኋት። «የእናንተ ተክል ወደ መካ፣ የእኛ ወደ ምሥራቅ፤ ሁለቱም ግን ወደ ድልድዩ ሊሄድ ነው» አለችኝ። ቢስሚላህ ብዬ ከግንዷ ክንድ ርቄ ጀመርኩ። ሦስት ወገን በደህና ወጣ። በአራተኛው በኩል ወፍራሙ ሥሯ ወደ ቤቱ ገብቷል፤ ስንከተለው በግድግዳው ሥር አልፎ ከሰይድ መደብ በታች ሄዷል። ግድግዳውን ማፍረስ አይቻል። ይማም መጥረቢያውን ይዞ ብዙ ቆመ። «አንቺ ዙሪ» አለኝ። ዞርኩ። መስማቱ ግን አልቀረልኝም።

ሥሯ ካፈሩ ጋር እንደ ትልቅ ድንጋይ ከበደ። ለሁለት ሰው አልቻል ሲል ጎረምሶቹ የቅሬውን፣ የእድራችንን፣ ቃሬዛ አመጡ፤ በሽተኛ ወደ ሐኪም፣ ሬሳ ወደ መቃብር የምንሸከምባትን። ፀሐዩ እንዳይመታት ሥሯን በእርጥብ ጆንያ ሸፈንኩ። አበባዋ እንዳይረግፍ ከካድሬው ታዟልና ቅርንጫፎቿን ሰብስቤ በነጠላዬ ጠቀለልኳት። አራት ሰው ተሸክሞ መንገዱን ስንይዝ፣ ከውጫሌ ገበያ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ አህያቸውን ነድተው መጡ። ቃሬዛውን ሲያዩ አህያዋን ወደ ዳር ገፉ፣ ዱላቸውን ጣሉ፣ እጃቸውን ዘረጉ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ይዘንላቸው። ማናቸው?» አሉ። ጎረምሶቹ ሳቅ ሊገድላቸው ደረሰ። አንዱ፣ «አበባ ነው አባባ! ለእንግዳ ነው!» አላቸው። ሽማግሌው አላመኑም፤ የነጠላውን ጫፍ ገለጥ አድርገው አዩ። «እንዲህ ያለ ዘመን!» አሉ። «አበባ በቃሬዛ፣ ሰው በኦራል።» ዱላቸውን አንስተው ሊሄዱ ሲሉ ፊቴን አዩና ቆሙ። «በይ ልጄ፣ አትደንግጪ። ዱዓ አንዴ ካፍ ከወጣ አይመለስም፤ ለሞተ ሁሉ ይድረሰው» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው ያሉት። እኔ ግን እስከ ድልድዩ ድረስ፣ ያ ረቢ፣ ልጄን አያግኘው፣ ያ ረቢ፣ ልጄ ጋ አይድረስ፣ እያልኩ ከቃሬዛው ኋላ ኋላ ሄድኩ። እስከ ዛሬ ሰው ሲሞት ያንን ቃል እሰማለሁ፤ እስከ ዛሬ ምላሴን ነክሼ ነው የምሰማው።

ጉድጓዱን ቀድሜ ውሃ አጠጥቼው ነበር። ክሩን ወደ ቂብላ አድርጌ አቆምኳት። ካድሬው መጣና አንገቱን ዘመም አድርጎ አየ። «አበባው ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቷል፤ ይዙር» አለ። እውነቱን ነው፤ ብዙው አበባ በሌላው ወገን ነበር። «ጌታዬ፣ እንዲህ ነው የኖረችው» አልኩት። «ጌታዬ አይባልም፤ ጓድ ነው። ይሄ ክርስ?» «ቅርንጫፉ እንዳይሰነጠቅ ነው» ብዬ ዋሸሁ። በጣቱ በጥሶ ጣለው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ሲያጎነብስ የኮሌታው ውስጥ ተጥፎ አየሁ፣ እሱንም የጣፈች እናት አለች። ጎረምሶቹ አዞሯት፣ አፈሩን በእግራቸው ረገጡት። አሁን ማዳኛው አንድ ነበር፤ እስከ ጉልበት ቆርጦ ሥሯን ከሸክም ማሳረፍ። ቢላዋዬን መቀነቴ ውስጥ ይዤ መጥቼ ነበር። «ጉብኝቱ ሳያልፍ አንዲት እምቡጥ እንዳትነኪ» አለኝ ካድሬው።

እንግዳው ነገ ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። ከነገ ወዲያ ተባለ፣ አልመጣም። የኪነት ልጆች በአንድ ዓይነት ሸሚዝ ተሰልፈው ያንኑ መዝሙር እስኪሰለቸን ይለማመዳሉ። እኔ ከምንጩ በጀሪካን እየቀዳሁ ጠዋት ጠዋት አጠጣታለሁ፤ ቅጠሏ ግን እንደ ተቃጠለ ወረቀት ይጠቀለላል። የተቆረጠ ሥር ያን ሁሉ አበባ ከየት አምጥቶ ያጠጣ? ዓይኔ እያየ፣ ቢላዋው መቀነቴ ውስጥ እያለ፣ መቁረጥ አልቻልኩም። የሙሉ ዳሊያዎች ሲወድቁ ካድሬው የዱር አበባ አስቆርጦ በቦታቸው ሰካ። አንድ ረፋድ ላይ መኪኖቹ መጡ። መስኮታቸው ዝግ ነው። ልጆቹ ዘመሩ፣ እኛ አጨበጨብን፣ አቧራው ተነሳ፣ አቧራው ሲቀመጥ መኪኖቹ ከድልድዩ አልፈው ነበር። «ንቡ ሳያርፍ ሄደ» አለች ሙሉ በጆሮዬ። እኔ ማንንም ሳልጠይቅ እዚያው ጎንበስ ብዬ ቆረጥኳት። ቅርንጫፉ ውስጡ ቡናማ ሆኖ ነበር፤ ከታች ብቻ፣ አፈሩ አጠገብ፣ ጥቂት አረንጓዴ ቀርቷል።

ወደ ቤት ልመልሳት እንድሪስን ለመንኩት። «ሌላ እንግዳ ይመጣል ተብሏል፤ እስኪ ትቆይ» አለኝ። ስለዚህ እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጬ ፍየል አባርርላት፣ ከሩቁ ምንጭ በቀን አንድ ጀሪካን አመላልስላት ጀመር። ወገቤ ከዚያ በላይ አይችልም ነበር። ብዙ ቆይታ ከግንዷ ሥር ሁለት ቀያይ ቀንበጥ አወጣች። ለይማም ልነግረው እየሮጥኩ ነው የሄድኩት።

በዚያው ሰሞን የተበተነው ጦር ወታደሮች ከሰሜን መውረድ ጀመሩ። መጀመሪያ በመኪና፣ ቀጥሎ በእግር። መሣሪያ የያዘም፣ ያልያዘም፤ ባንድ እግሩ ጫማ፣ ባንዱ ጨርቅ የጠመጠመ። ለሁሉም፣ ሰይድ ይማምን ታውቃላችሁ ወይ፣ እላለሁ። አንዱ ቆመ። ጢሙ ገና ያልወጣ ልጅ ነው፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ስሙን አላውቀውም አለኝ። ከዚያ ጀሪካኑን አየ። «እናቴ፣ ለተክሉ ነው?» አለኝ። ምናለ ዝም ብሎ በለመነኝ። ቀንበጦቹን አየኋቸው፣ እሱን አየሁት፣ «ለአንተ ነው» አልኩት። ከኋላው ሌሎች ነበሩ። ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ ተመለሰልኝ። በማግስቱም እንዲያው ሆነ፤ በሦስተኛውም። በዚያ በላይ ባለው መንገድ ለሰይድ ጀሪካን የያዘች ሴት ትኖር ይሆን እያልኩ እሰጣለሁ። ቀንበጦቹ ጠቆሩ፣ በኋላም በጣቴ ስነካቸው ወደቁ። እኔ ግን ለይማም ጽጌረዳዋን ላጠጣ ነው እያልኩ ጠዋት ጠዋት መውጣቴን አልተውኩም። አንድ ቀን ዞር ብል እሱም ሌላ ጀሪካን ተሸክሞ ከኋላዬ ይመጣል። መድረቋን ከእኔ በፊት ያውቅ ነበር። አንድም ቀን አላነሳብኝም።

ሰይድ አልመጣም። ከወታደሮቹም ያየው አልተገኘ፣ ሞቷልም ያለኝ የለም። ከዚያ የሰው ጎርፉ እየሳሳ ሄደ፤ አስር፣ አምስት፣ ደግሞ አንድ ብቻውን። በመጨረሻ አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ከቀትር በኋላ እስካለው የአስር ሰላት ተቀምጠን አንድም ሰው አላለፈም። ድልድዩ ላይ ንፋስ ብቻ ነበር። ሁለቱ ጀሪካኖች እንደ ሞሉ ናቸው። ይማም ተነሳ፤ የራሱን ከፈተና ያንን ደረቅ ግንድ ቀስ አድርጎ፣ አፈሩ እንዳይሸሽ በእጁ እየከለከለ፣ እስከ ጠብታው አጠጣው። እኔም ክዳኑን ለመክፈት እጄን ሰደድኩ። እጄን ያዘኝ።

«የአንቺን ተዪው» አለኝ፣ ወደ ሰሜን እያየ። «ገና አልመሸም።»